ደብረ ብርሃን ላይ በቤት የተሠራ ቨርቹዋል ላብ፦ መንቀራፈፉ እንዴት ተስተካከለ

ማሽኑ ፕሮክስሞክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር፣ የሚያስነሳ ሥርዓት) የተጫነበት ትንሹ ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ማይክሮ ነው። 8 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይዞ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ሲነሳበት ሁሉም ይንቀራፈፋል። ገንዘቡን ለፕሮሰሰር ከማውጣታችሁ በፊት የፕሮክስሞክስን ማጠቃለያ ገጽ እዩ። የሲፒዩው (የፕሮሰሰሩ) ሥራ ዝቅ ብሎ አይኦ ዲሌይ (ዲስክ በመጠበቅ የሚባክን ጊዜ) ከፍ ካለና ስዋፕ (ራም ሲያንስ በዲስክ ላይ የሚያዝ ምትክ ቦታ) ከሞላ፣ ችግሩ ራምና ዲስክ ላይ ነው። እዚህም የታየው ይኸው ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ከሦስቱ ቨርቹዋል ማሽኖች ለዊንዶውስ ሰርቨሩ 4 ጊጋባይት፣ ለሁለቱ ኡቡንቱ ሁለት ሁለት፣ ለፕሮክስሞክስ ራሱ 2፤ ድምሩ 10 ጊጋባይት። 8 ከየት ይበቃዋል? ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም ገባበት። የሚቀበለው አጭሩን የላፕቶፕ ራም ብቻ ነው፤ የዴስክቶፑን ገዝቶ ለመቀየር 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ያሳዝናል። ቨርቹዋል ማሽኖቹን ወደ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል ወደሌለው ፈጣን ዲስክ) አዛወርኩ። አሮጌው ዲስክ ለባክአፕ ቀረ፤ ሌላ ቅጂ ግን ከማሽኑ ውጭ ይኑራችሁ።

ከበጀቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) እንዳይቀር። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዝ ሊበላሽ ይችላል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-አወር ባትሪ 84 ዋት-አወር ይይዛል፤ ማሽኑና ራውተሩ 45 ዋት ቢወስዱ፣ ብክነቱ ሲቀነስ አንድ ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው፤ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ያጥራል። የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኙና ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ (ዩፒኤሱን የሚከታተል ሶፍትዌር) ባትሪው ሳያልቅ ማሽኑን እንዲያጠፋው አዘጋጁ። ዊንዶውስ ለመዝጋት ስለሚዘገይ ጊዜ ጨምሩለት።