ሁሉም ክፍል እቅዱን እያሳካ ደንበኛ እንዳይጠፋ፦ ለየስራ ክፍሉ የሚለካ ግብ እንዴት ይወጣል?

ኮምቦልቻ ውስጥ በሰራሁበት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የየክፍሉ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያማረ ነበር። ግዥ ክፍል ወጪ ቀንስ ስለተባለ ርካሽ ክር በብዛት ገዝቶ እቅዱን አሳካ። ክሩ ግን ማሽን ላይ ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። ምርት ክፍል የሚጠየቀው በቀን ስንት ልብስ ሰፋህ ተብሎ ነውና፣ ቀላል ቀላሉን ሞዴል እያስቀደመ ቁጥሩን ሞላ። እሱም አሳካ። የሽያጭ ግብ ብዙ ትዕዛዝ መቀበል ነበር፤ ተቀበለ። የተማሪ ዩኒፎርም ያዘዘው ትምህርት ቤት ልብሱን ያገኘው ግን ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። በዓመቱ ተመልሶ አልመጣም።

ሰራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ለየብቻ የተሰጣቸው ግብ ነው እርስ በርስ ያጋጫቸው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ድርጅቶችም እቅድ ላይ ስሰራ ያየሁት ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው። መፍትሄው ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ብቻ ይፈልጋል።

ለምሳሌ እንዲመቸን አንድ ድርጅት እናስብ። ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፤ ሽያጩና ፋይናንሱ ደሴ ፒያሳ ነው። ዩኒፎርምና የስራ ልብስ ይሰፋል። ዱቄት ፋብሪካም ሆነ ሆቴል ያላችሁ አካሄዱ ያው ነው። ከዚህ በታች ያሉት የድርጅቱ ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ለሁሉም ክፍል የጋራ የሆነ አንድ ግብ ምረጡ

ከየክፍሉ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስራ አስኪያጁና የክፍል ኃላፊዎቹ አንድ ላይ ተቀምጠው "ደንበኛው ከእኛ የሚፈልገው ዋና ነገር ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁ። ለዩኒፎርም ሰፊ መልሱ ግልጽ ነው፤ ትዕዛዙ ተሟልቶ በተባለው ቀን መድረስ። ስለዚህ የጋራ ግቡ "ከ100 ትዕዛዝ ስንቱ ተሟልቶ በቀኑ ደረሰ?" ይሆናል።

እቅድ ላይ "ማጠናከር"፣ "ማሻሻል"፣ "ግንዛቤ ማስጨበጥ" የሚሉትን ከወረቀቱ አውጧቸው። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም ብሎ መከራከር የማይቻልበት ግብ ካልሆነ፣ የሚለካ ግብ አይደለም።

ደረጃ 2፦ አሁን ያላችሁበትን ቁጥር እወቁ

ያለፉትን ሦስት ወራት የትዕዛዝ ቅጽና የርክክብ ሰነድ አውጥታችሁ በእጅ ቁጠሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም። ሰነዱ ጎዶሎ ከሆነ አራት ሳምንት እየመዘገባችሁ ጠብቁ። መነሻውን ሳያውቁ "በ20 በመቶ እናሳድጋለን" ማለት ከምን ላይ ተነስቶ እንደሚያድግ አለማወቅ ነው።

ደረጃ 3፦ ርክክቡን ለኩ፤ ቆጣሪው ተቀባዩ ይሁን

ብዙ ድርጅት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አንድ ትዕዛዝ ከደሴ ተነስቶ ተመልሶ ደሴ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። ሽያጭ ትዕዛዙን ለምርት እቅድ ይሰጣል። ግዥ ጨርቅና ክር ለመጋዘን ያስረክባል። መጋዘን ለመቁረጫ፣ መቁረጫ ለስፌት፣ ስፌት ለጥራት ቁጥጥር፣ ጥራት ቁጥጥር ለማሸጊያ። ፋይናንስ ደግሞ በመሃል ለግዥ ገንዘብ ይለቃል። ጊዜ የሚባክነውም ጸብ የሚነሳውም አንዱ ለሌላው በሚያስረክብበት ቦታ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ስራማ ኃላፊው በደንብ ያውቀዋል።

ስለዚህ የየክፍሉን ግብ "ምን ሰራህ?" ብላችሁ ሳይሆን "ለሚቀጥለው ክፍል ምን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ አስረከብክ?" ብላችሁ አውጡ። ሲወጣ ይህን ይመስላል፦

ሽያጭ፦ ከተላለፉት ትዕዛዞች ውስጥ የልብስ መጠን ዝርዝራቸው ተሟልቶ፣ ከማስረከቢያው ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀድመው ለምርት የደረሱት ስንት ናቸው? (ቆጣሪው ምርት እቅድ።)

ግዥ፦ መቁረጥ ከሚጀመርበት ቀን በፊት መጋዘን ገብቶ የጥራት ፍተሻ ያለፈው ጨርቅና ክር ከታዘዘው ውስጥ ምን ያህል ነው? (ቆጣሪው መጋዘንና ጥራት ቁጥጥር።) ጨርቁ ከአዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣ ከሆነ የጉዞውንም ጊዜ አብራችሁ አስቡ።

ስፌት፦ ከ100 ልብስ ስንቱ ሳይፈታ፣ ዳግም ሳይሰፋ በመጀመሪያው ፍተሻ አለፈ? (ቆጣሪው ጥራት ቁጥጥር።)

ፋይናንስ፦ ሰነዱ የተሟላ የክፍያ ጥያቄ በሁለት የስራ ቀን ውስጥ ስንቱ ተከፈለ ወይም በምክንያት ተመለሰ? (ቆጣሪው ጠያቂው ክፍል።)

በቅንፍ ያስቀመጥኩትን በቀላሉ አትለፉት። አስረካቢው ክፍል ራሱ የራሱን ቁጥር የሚሞላ ከሆነ ሪፖርቱ ሁልጊዜ 98 በመቶ ነው። ሰው ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፤ ለራሱ የሚያዝን ሁሉ "ይቺ እንኳን አትቆጠርም" እያለ ያልፋል። ተቀባዩ ሲቆጥር ግን ያቺ ያልተቆጠረች ነገር ስራውን ያስቆመችው እሱን ነውና አይረሳትም። በእኔ እምነት ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ቀጥሎ ትርጉሙን በጽሁፍ ቁረጡ። "በቀኑ ደረሰ" ማለት ቀላል ይመስላል። አራት ጥያቄ ግን አለበት።

የትኛው ቀን? ለደንበኛው መጀመሪያ ቃል የተገባለት ቀን ነው ወይስ በስልክ ለምነን ያራዘምነው? የመጀመሪያው ይሁን። የተራዘመውን ከወሰዳችሁ ማንም አይዘገይም።

ምን ያህል ሲሆን ነው ተሟላ የሚባለው? 200 ታዞ 190 ከደረሰ አልተሟላም። አስሩ ተማሪ ያለ ዩኒፎርም ነውና።

የት ላይ ነው የሚቆጠረው? ምርት ክፍል መኪና ላይ ሲጫን መቁጠር ይፈልጋል። ደንበኛው ግን ልብሱን የሚፈልገው ደሴ ነው። በክረምት በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ መኪና ቢዘገይ ለደንበኛው ዘግይቷል። ስለዚህ የሚቆጠረው ደንበኛው ሲፈርም ነው።

በየትኛው የቀን አቆጣጠር? ይህ በተለይ ከውጭ ገዢ ጋር ለሚሰሩ ነው። የእነሱ ሴፕቴምበር 15 የእኛ መስከረም 5 ነው፤ ከጳጉሜ 6 በኋላ ደግሞ መስከረም 4። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ 8፡00 ሲል ፈረቃው የሚገባው 2 ሰዓት ላይ ነው። ትዕዛዝ ቅጹ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፤ መለኪያው ላይ ግን አንዱን ብቻ ተጠቀሙ።

በመጨረሻ ክፍሉ የማይቆጣጠረውን ነገር ከቁጥሩ ላይ አንሱለት። ጥገና ክፍልን እንመልከት። 30 ማሽን በሳምንት 48 ሰዓት ቢሰራ 1,440 የማሽን ሰዓት ነው። መብራት 5 ሰዓት ከጠፋ 150 ይቀነሳል፤ 1,290 ይቀራል። ማሽን ተበላሽቶ የቆመው 60 ሰዓት ከሆነ የጥገና ቁጥር 60 ለ1,290፣ ማለትም 4.7 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱን ደባልቃችሁ ብትቆጥሩት ግን 210 ለ1,440፣ ወደ 14.6 በመቶ ይሆንና መካኒኩ ባላጠፋው መብራት ይወቀሳል። እንዲህ የተወቀሰ ሰው ከዚያ በኋላ ቁጥሩን አያምነውም፤ እውነቱን ነው። የመብራቱን ሰዓት አትጣሉት፤ ለብቻው መዝግቡት። ጄኔሬተር ይገዛ አይገዛ የሚለውን የሚወስነው ስራ አስኪያጅ ይፈልገዋል።

ደረጃ 4 እና 5፦ የግቡን ቁጥር መወሰንና ማጣመር

መነሻው ከ100 ትዕዛዝ 70 ከሆነ በአንድ ሩብ ዓመት 95 ይሁን አትበሉ። 80 ይበቃል። የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ቁጥሩን ይበል፤ ከዚያ ተወያዩ። ከላይ የተጫነ ቁጥር ባለቤት የለውም።

ስትተምኑ በእውነት ያለውን የስራ ሰዓት ተጠቀሙ። እኛ አካባቢ አርብ የጁምዓ ሶላት አለ፤ ረመዳን አለ፤ የሁለቱም እምነት በዓላት አሉ። ይህን የረሳ የምርት እቅድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ቀርቷል።

የሩብ ዓመቱንም አቆጣጠር ልብ በሉ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅት የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለሚይዝ 95 ወይም 96 ቀን አለው፤ ሌሎቹ 90። ለዩኒፎርም ሰፊ ደግሞ የዓመቱ ትልቁ ስራ እዚሁ ውስጥ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ "ዘግይተናል" የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መለኪያው በየሳምንቱ ይሁን።

ማጣመር ስል፣ ለእያንዳንዱ የብዛት ወይም የወጪ ግብ አንድ ጠባቂ መለኪያ አብራችሁ አስቀምጡ ማለቴ ነው። የግዥ ዋጋ ከተለካ፣ በፍተሻ የተመለሰ ዕቃም ይለካ። የስፌት ብዛት ከተለካ፣ ዳግም የተሰፋውም ይለካ። የእንግሊዙ የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ባነሱት ሃሳብ የተነሳ በስማቸው የሚጠራ አባባል አለ፤ መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል ይላል። ያ ርካሽ ክር ጠባቂ መለኪያ ቢኖር ኖሮ መጋዘን አይገባም ነበር።

ለአንድ ክፍል ከሦስት መለኪያ በላይ አትስጡ። ከመንግስት መስሪያ ቤት ያለፍን ሰዎች ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ) የሚባለውን የእቅድና የውጤት መለኪያ ስልት እናውቀዋለን። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያስተዋውቁት ዓላማው ገንዘብን ብቻ ከማየት ይልቅ ደንበኛን፣ የውስጥ አሰራርንና መማርን አብሮ ማየት ነበር። ጥሩ ሃሳብ ነው። ብዙ ቦታ ግን ሃሳቡ ቀርቶ ረጅሙ ቅጽ ብቻ ቀረ። ቅጹን መሙላት ከስራው የበለጠ ጊዜ ከወሰደባችሁ ቁረጡት።

"የእኛ ስራ አይለካም" የሚል ክፍል ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሰው ኃይል ወይም የአስተዳደር ክፍል ነው። ይህን ብቻ ጠይቋቸው፦ "እናንተ ለአንድ ሳምንት ባትኖሩ መጀመሪያ የሚጮህ ማን ነው? ስለ ምን?" መልሱ መለኪያቸው ነው።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ሰው የሚያየው ቦታ ላይ አድርጉት

ሶፍትዌር አትግዙ፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት። ፋብሪካው መግቢያ ላይ ነጭ ሰሌዳና ማርከር፣ ደሴ ላለው ቢሮ ደግሞ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። ኤክሴል ለማጠራቀሚያ ጥሩ ነው። ግን ኤክሴል ውስጥ ብቻ ያለ ቁጥር የአንድ ሰው ቁጥር ነው፤ ሰሌዳ ላይ ያለው የሁሉም ነው። የግለሰብ ስም ሰሌዳ ላይ አትጻፉ፤ የክፍሉ ቁጥር ብቻ ይውጣ።

ደረጃ 7፦ በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ

ሰኞ ጠዋት፣ ቆማችሁ፣ ሰሌዳው ፊት። ቢቻል ደሴ ያሉት ይውረዱ፤ ካልሆነ በስልክ ይግቡ። ግቡን ያሳካው ቁጥር በአረንጓዴ፣ ያላሳካው በቀይ ይጻፍ፤ ቁጥሩ ተነቦ ካለቀ ወሬው ስለ ቀዩ ብቻ ይሁን። "ማን ነው ያበላሸው?" ሳይሆን "ርክክቡ ላይ ምን ጎደለ? ማን እስከ መቼ ያስተካክለዋል?" ተባባሉ። ቁጥሩ ቀይ የሆነበትን ኃላፊ መጀመሪያ አብሽር በሉት። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰደበ ኃላፊ በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ስራው ግን አልተለወጠም።

ስለ ጉርሻና ቅጣት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሩብ ዓመታት ቁጥሩን ከገንዘብ ጋር አታገናኙት። መለኪያው ራሱ ገና እየተስተካከለ ነው። ከዚያ በኋላ ጉርሻ ከሰጣችሁ ትልቁ ድርሻ በጋራ ግቡ ላይ የተመሰረተ ይሁን፤ ያኔ ግዥና ስፌት አንድ ላይ ያገኛሉ ወይም አንድ ላይ ያጣሉ። ግብ አልደረሰም ብሎ ደመወዝ መቁረጥ ግን አይታሰብ። በአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት በህግ፣ በህብረት ስምምነት፣ በስራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሰራተኛው የጽሁፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አሰሪ ከደመወዝ ላይ መቀነስ አይችልም።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ከሚቀጥለው ግብ በፊት መለኪያዎቹን ራሳቸውን ገምግሙ። ለየአንዳንዳቸው "ይህ ቁጥር በዚህ ሦስት ወር ውስጥ የለወጠው ውሳኔ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ሰርዙትና ቦታውን ባዶ ተዉት። አዲስ መለኪያ የሚገባው ከክፍሎቹ አንዱ የሚያስረክበውን ነገር በሚመለከት ተቀባዩ ቅሬታ ሲያቀርብ ነው።