ሃምሳ ልጅ፣ ሃምሳ አንድ ዓይነት በግ፦ ሥዕልን፣ እምነትንና ንባብን አዋህደን ስናስተምር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

በካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ዝቅተኛ ክፍሎችም ሆነ ቅዳሜ በቁምስናው (በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) አዳራሽ በሚሰጠው ትምህርተ ክርስቶስ፣ ታሪክ አንብቦ ሥዕል ማሠራት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ለብቻው፣ ንባቡም ለብቻው ሄደው ደወል ይደወላል። ከዚህ በታች ያሉት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሲደጋገሙ የሚታዩት ስህተቶች ናቸው።

መምህሩ የሠራውን ማስገልበጥ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የጠፋው በግ ታሪክ ይነበባል፤ ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ የተደረገ በግ ይታደላል፤ ልጆቹ ጥጥ ይለጥፉበታል። ግድግዳው ላይ 50 በግ ይሰቀላል፤ ወላጅ ያደንቃል፤ ርዕሰ መምህሩ ፎቶ ያነሳል። ከ50ዎቹ ልጆች መካከል ማን እንዳነበበ፣ ማን እንደገባው፣ ማን በመስኮት ሲያይ እንደነበር ከዚያ ግድግዳ ማወቅ አይቻልም። ታሪኩን ጨርሶ ያልሰማ ልጅም እኩል ያማረ በግ ይለጥፋላ! ስለዚህ ማንኛውንም ሥራ ከማደላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጽሑፉን ያላነበበ ልጅ ይህን ሥራ ያለችግር መጨረስ ይችላል? ከቻለ የሰጣችሁት የጣት ማፍታቻ ነው፤ ንባብም እምነትም አልተማሩበትም።

መፍትሔው መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ጥያቄ መስጠት ነው። ዘኬዎስን እንውሰድ፤ ሉቃስ 19፥1-10። «ዘኬዎስን ሣሉ» ስትሏቸው ዛፍና ሰው ይስላሉ፤ አለቀ። «ዘኬዎስ ሾላው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ምን ታየው? እሱን ሣሉ» ስትሏቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። ከላይ የሚታየው የሰው አናት፣ ነጠላና ትከሻ፣ የመንገድ አቧራ ነው እንጂ ፊት አይደለም። ከሁሉም መካከል አንድ ፊት ብቻ ወደ ላይ ያያል፤ ቁጥር 5 ላይ ኢየሱስ ቀና ብሎ እንዳየው ተጽፏልና። ያንን ቁጥር የዘለለ ልጅ አናት ብቻ ሠርቶ ያመጣል። ያስተዋለ ልጅ አንዱን ፊት ይሠራል። ሥዕሎቹን እየተዘዋወራችሁ ስታዩ ማን የት ላይ እንደቆመ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባችኋል፤ ወደ እምነቱ ጉዳይም መግቢያው እዚያው ነው፤ «ለምን እሱን ብቻ ቀና ብሎ አየው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም።

«አርአያ ካላሳየናቸው እንዴት ይጀምራሉ?» የሚል መምህር ሁልጊዜ አለ። የአሠራሩን ዘዴ አሳዩ፣ ያለቀውን ሥዕል አታሳዩ። ከላይ የታየ አናት እንዴት ክብ እንደሚሆን፣ ትከሻው ከግራና ከቀኝ እንዴት እንደሚወጣ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሠርታችሁ አሳዩና አጥፉት። ማጥፋቱን እንዳትረሱ፤ ካልጠፋ 50ውም ያንኑ ይገለብጣል።

የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ቢከፈል ይበቃል፦ መምህሩ ጮክ ብሎ ለማንበብ 5፣ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለማንበብ 10፣ በእርሳስ ለመሳል 10፣ ከሥዕሉ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ 5፣ ቀለም ለመቀባት 5፣ ለማጽዳት 5። ዓረፍተ ነገሩ ከቀለሙ በፊት መምጣቱ አለምክንያት አይደለም። ቀለም የያዘ ልጅ እርሳስ አያነሳም፤ ጽሑፉን መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት ማጽዳቱ ይበላዋል። ቀለሙ ያልደረሰለት ልጅ በማግስቱ ይጨርሳል።

ከውጭ የወረደን ወረቀት እንዳለ ማደል

ኢንተርኔት ላይ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት ተብሎ የተዘጋጀ የሥራ ወረቀት ሞልቷል፤ አብዛኛው የተሠራው ለላቲን ሥርዓትና ለፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከገና በፊት ያሉትን አራት ሰንበቶች የሚቆጥር፣ አራት ሻማ ያለው የአክሊል ሥዕል ይወርድና ለልጆቹ ይሰጣል፤ በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይቀቡ ይባላል። የግዕዝ ሥርዓት በምንከተልባቸው አህጉረ ስብከት፣ ማለትም በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር ደሴ፣ ከገና በፊት ያሉት ሰንበቶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ናቸው፤ ሦስት። አራተኛው ሻማ ማደሪያ የለውም። ልጁ እሑድ ቅዳሴ ላይ የሚሰማው ሌላ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ የሚቀባው ሌላ ይሆንበታል። በሐዋሳ፣ በሶዶ፣ በመቂና በሌሎቹ የላቲን ሥርዓት አህጉረ ስብከት የምታስተምሩ አክሊሉ ይሠራላችኋል፤ እናንተም ብትሆኑ ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቀንና በረዶ የለበሰውን ጥድ አውጡት።

የዐቢይ ጾም ሰንበቶች ደግሞ እጃችን ላይ ያሉ፣ ማንም የማይጠቀምባቸው ሀብት ናቸው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና፤ ስምንት ሰንበት፣ እያንዳንዱም ከነታሪኩ። የመፃጉዕን ንባብ፣ ዮሐንስ 5፥1-9ን፣ ለ3ኛ ክፍል ስትሰጡ «መመላለሻ» (ጣሪያ ያለው በረንዳ) የሚለውን ቃል አስቀድማችሁ አስረዱ፤ ካልሆነ ግማሹ ክፍል እዚያ ቃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ የመጠመቂያውን ቦታ ይሳሉ። መመላለሻዎቹ አምስት መሆን አለባቸው፣ አልጋውም ሁለት ቦታ መታየት አለበት፤ መጀመሪያ ሰውየው ተኝቶበት፣ ኋላ ሰውየው ተሸክሞት። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋችሁ ስጧቸው።

በሸመደደ ልጅ መታለል

1ኛና 2ኛ ክፍል ውስጥ ልጆች በዝማሬ ያነባሉ። መምህሩ ይጀምራል፣ 50 ድምፅ ይቀበላል፣ ገጹ ያልቃል። ግማሾቹ ፊደሉን አያዩትም፤ ዜማውን ነው የያዙት። የጸሎት ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ አባታችን ሆይን ከቤታቸው በቃል ይዘው ስለሚመጡ ጣታቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ሳለ አፋቸው አምስተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በቃል የሚታወቅ ጸሎት ለንባብ መለማመጃ አይሆንም። በቃል የያዙትን ለጸሎት፣ አዲስ የሆነውን ለንባብ አድርጉት።

ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ከገጹ መሐል አንድ ቃል በጣት ጠቁማችሁ «ይህ ምን ይላል?» በሉ፤ ወይም ከታችኛው መስመር አስጀምሩ። ልጁ ሲሳሳት በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ራሱ ተመልሶ የሚያርምበት ጊዜ ስጡት። ለ2ኛ ክፍል ከ40 እስከ 60 ቃል ያለው ጽሑፍ ይበቃል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲወሰድ ረጅሞቹን ዓረፍተ ነገሮች ቁረጡ፣ ታሪኩን ግን አትቁረጡ።

ጥብቀትንና መላላትን ሳታዘጋጁ ለንባብ አታስነሱ። «ገና ሌሊት ሳለ» እና «የገና ሌሊት» በአንድ ገጽ ላይ ከመጡ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ልጁን ክፍሉ ፊት አስነስቶ ማሳቅ ምንም አያስተምርም።

የታሪክ ቅደም ተከተል ካርዶች ላይ ቁጥሩን ፊት ለፊት መጻፍም ሌላው ስህተት ነው። ልጁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይደረድራል፣ ጽሑፉን አያየውም። ቁጥሩ ከጀርባ ይሁን።

የብራናውን ጥበብ እያለን መዝለል

በብራና መጻሕፍት ውስጥ ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም እንደሚጻፉ፣ የምዕራፍ መጀመሪያም በሐረግ (በተጠላለፈ የመስመር ጌጥ) እንደሚያጌጥ እናውቃለን። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ጌጡ ብቻ ይወሰዳል፤ ልጆቹ ለሰዓት ሐረግ ይቀባሉ፣ አንዲት ቃል አይጽፉም። ተራውን ገልብጡት። መጀመሪያ ከንባቡ ሦስት መስመር በጥቁር ይገልብጡ፣ ለስሞቹ ባዶ ቦታ እየተዉ፤ ቀጥሎ ስሞቹን በቀይ ይሙሉ፤ ጊዜ ከተረፈ ከላይ አንድ ጣት ስፋት ያለው ሐረግ ይሥሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ልጆች «ኢየሱስ» የሚለውን ብቻውን ሲቆም ያገኙታል፤ «ለኢየሱስ»፣ «ከኢየሱስም»፣ «ኢየሱስን» ሲሆን ያልፉታል። ስሙ የቱ፣ ቅጥያው የቱ እንደሆነ ለይተው ስሙን በቀይ፣ «ለ»ን እና «ም»ን በጥቁር ሲጽፉ ሰዋስው እየተማሩ ነው፤ ማንም «ሰዋስው ነው» ብሎ ሳያስፈራራቸው።

ሰው ሲስሉ የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሳይዋቸው፤ ትልልቅ ዓይን፣ ሙሉ ፊት፣ ጥላ የሌለው ቀለም፣ ጥቁር ወሰን። ለልጅ እጅም ይመቻል። ቅደም ተከተሉ በስሱ እርሳስ፣ ከዚያ ቀለም፣ ሲደርቅ ጥቁሩ መስመር ነው። ጥቁሩን በማርከር ካስቀደማችሁ ውሃ ቀለሙ ሲነካው ይፈስና ፊቱ ሁሉ ይጠቁራል። በዚህ የአሣሣል ልማድ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ የመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳን ለይተው ያገኙበታል። ነገር ግን ስለ ክፍል ጓደኞቻቸው በሚስሉበት ቀን ይህን አትፍቀዱ። በአንድ ዓይን የተሳለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አይረሳውም።

ክፍሉ በሙሉ ካቶሊክ እንደሆነ መቁጠር

ከምናስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይላል። ትምህርተ ክርስቶስ፣ የመጀመሪያ ቁርባን ዝግጅትና መቁጠሪያ ቦታቸው ከመደበኛው ሰዓት ውጭ፣ ወላጅ ፈቅዶ የላካቸው ልጆች ዘንድ ነው። በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ደግነትና ስለ ይቅርታ የሚያወራ ተረትም ታሪክም ይነበባል፤ ያ የግብረ ገብ ትምህርት ነው፣ ለሁሉም ይሆናል። ከነቢያት ታሪክ የተወሰደ ንባብ ሲመጣ የሰውን መልክ እንዲስል ማንንም ልጅ አታስገድዱ፤ ጀልባውን፣ መረቡን፣ እንጀራውን፣ ጉድጓዱን ይሣል። እንዲያውም ዕቃን መሳል ጽሑፉን በጥንቃቄ ማንበብ ይጠይቃል።

የዕቃ ጣጣ

ስም ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ፣ ሥራ ሳይጀመር። ለ50 ልጅ 50 መቀስ አትፈልጉ፤ ለአምስት አንድ ይበቃል።

ውሃ ቀለም በጆግ አታድሉ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን፣ ለአንድ ቡድን አንድ ክዳን ከየቀለሙ። ስስ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውሃ ሲበዛበት ይጨማደዳል፤ የካርቶን የውስጥ ገጽ ይሻላል፣ ከሱቅ በነጻ ይገኛል።

የዱቄት ሙጫ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ዱቄቱን የፈላ ውሃ ውስጥ መጨመር። ይጓጉላል። አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አፍሉ፣ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ፣ እስኪወፍር ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይብሰል። አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከሁለት ቀን በላይ አታሳድሩት፤ ይኮመጥጣል።

እርድ ቆንጆ ቢጫ ይሰጣል፤ ሳሙና ያልለቀቀው እጅ ሲነካው ግን ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል። የቀይ ሥር ቀለም ፀሐይ ላይ በቀናት ውስጥ ይደበዝዛልና ለወላጆች ቀን ለሚቆይ ሥራ አትጠቀሙበት። የከሰል ዱቄት ደግሞ በቀጭን ሙጫ ካልተለወሰ ደብተሩን ሁሉ ያጠቁራል።

ለጸሎት ማርክ መስጠት

ለንባቡ ማርክ ስጡ፣ ለእጅ ጽሑፉም ስጡ። ልጅ ለእግዚአብሔር ለጻፈው ደብዳቤ ከ10 ስምንት ማለት ግን ምን ማለት ነው? ሁለቱ የጎደለው ምኑ ነው? ፊደል ቢሳሳትም እዚያ ወረቀት ላይ በቀይ አታርሙ፤ ስህተቱን መዝግባችሁ በሌላ ቀን በሌላ ጽሑፍ አስተምሩት።

ከዚህ የባሰው ጸሎቶቹን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ልጆች የቤታቸውን ይጽፋሉ፦ የአባትን መጠጥ፣ የእናትን ሕመም፣ ያልተከፈለውን የቤት ኪራይ። የተለጠፈውን ጎረቤት ያነባል። ስለዚህ አፉ የታሸገ ሣጥን አዘጋጁ፣ ማን እንደሚያነበው ልጆቹ ሳይጽፉ በፊት ንገሯቸው፤ «ማንም አያነበውም» ብሎ ማንበብ ውሸት ነው። ልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት የሚጠቁም ወረቀት ከወጣ ለሌላ መምህር በወሬ መልክ አታውሩት፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለኃላፊዋ ሲስተር በእጅ ስጡ።

የሚሰቀለው ሥዕል ከሆነ የሁሉም ይሰቀል፣ የጎበዞቹ ሦስቱ ብቻ አይደለም። ከፍታው ለ1ኛ ክፍል ልጅ ዓይን እንዲስማማ ከወለሉ 1 ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ሥሩ ያለው ዓረፍተ ነገር እንዲነበብ። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ አውርዳችሁ ለባለቤቱ መልሱ። በዱቄት ሙጫ የተለጠፉትን ለክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡ፤ መስከረም ላይ አይጥ በልቷቸው ታገኛላችሁ።