የኮምፒውተሩን ካሜራ ከእውነተኛው ሌንስ ጋር እንዴት ማመሳሰል ይቻላል?

ጠረጴዛ በካሜራ ቀርጻችሁ በላዩ ላይ በኮምፒውተር የተሰራ ኩባያ ማስቀመጥ ፈለጋችሁ እንበል። ሌንሱ ላይ 35 ተጽፏል። ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ መስሪያ ሶፍትዌር ከፍታችሁ ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ የትኩረት ርቀት፣ በሚሊሜትር) የሚለው ቦታ ላይ 35 አስገባችሁ። ኩባያው ግን እምቢ አለ። በፊት በኩል ጠረጴዛውን የነካ ሲመስል በኋላ በኩል ይንሳፈፋል። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ደግሞ እንደ እርጥብ ሳሙና ይንሸራተታል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጥላ ማጥቆርና ብርሃን መነካካት ይጀምራል። ልፋት ነው። ሁለቱ ካሜራዎች፣ እውነተኛውና ብሌንደር ውስጥ ያለው፣ የሚያዩት ስፋት እኩል እስካልሆነ ድረስ ጥላው ምንም ቢያምር ኩባያው አይቀመጥም። ሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ያንን ስፋት ብቻውን አይነግራችሁም።

1. የሴንሰሩን ስፋት እወቁ

ካሜራ ምን ያህል ሰፋ አድርጎ እንደሚያይ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፎካል ሌንግዝና የሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) ስፋት። የሴንሰሩን ስፋት ለፎካል ሌንግዙ አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ካሜራው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ሜትር ስፋት እንደሚያይ ይነግራችኋል። 36 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ 50 ሌንስ ካለ 36 ሲካፈል ለ50 ማለትም 0.72 ነው። አንድ ሜትር ላይ 72 ሳንቲ ሜትር ያያል ማለት ነው። ይህን ምጥጥን ያዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ያው 35 ሌንስ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ (36 በ24 ሚሊሜትር) በአግድም 54 ዲግሪ ገደማ ያያል። ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው ሴንሰር ላይ (ኒኮንና ሶኒ ወደ 23.5፣ ካኖን ወደ 22.3 ሚሊሜትር ስፋት) ሲገጠም ግን ወደ 37 ዲግሪ ይወርዳል። ማይክሮ ፎር ሰርድስ ከሆነ ስፋቱ 17.3 ነው፤ እይታው ይብስ ይጠባል።

ብሌንደር ስትከፍቱት ሴንሰሩ 36፣ ሌንሱ 50 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ካሜራችሁ ፉል ፍሬም ካልሆነ 36ቱን ቀይሩት። ማያ በሚባለው ሌላ የ3ዲ ሶፍትዌር ውስጥ የሴንሰሩ መጠን በኢንች ስለሚጻፍ ሚሊሜትሩን ለ25.4 አካፍሉ። የሬንደሩ (ሶፍትዌሩ ሰርቶ የሚያወጣው ምስል) መጠን ከቪዲዮው ጋር አንድ ይሁን። ቪዲዮው በቁም የተቀረጸ ከሆነ ብሌንደር ላይ ሴንሰር ፊት (Sensor Fit) የሚለውን አውቶ ላይ ተዉት፣ የሰጣችሁትን ቁጥር ረጅሙ ጎን ላይ ያውለዋል።

2. ቪዲዮ ሲሆን ሴንሰሩ ሙሉ አይሰራም

የካሜራው ማኑዋል 36 በ24 ቢልም ቪዲዮው 36ቱን ሁሉ ይጠቀማል ማለት አይደለም። ቪዲዮ 16 ለ9 ስለሆነ ከላይና ከታች መቆረጡ ግልጽ ነው፤ ቁመቱ 20.25 ይሆናል፣ ስፋቱ ግን አይነካም። ይህ ችግር አይፈጥርም። ችግሩ ካሜራው ዝም ብሎ ከጎን ሲቆርጥ ነው። አንዳንድ ካሜራ 4ኬ ላይ ወይም ስሎው ሞሽን ላይ የሴንሰሩን መሀል ብቻ ይጠቀማል። ኤሌክትሮኒክ ስታቢላይዘር ሲበራም ጠርዙ ይበላል፤ ለዚህ ስራ ስትቀርጹ አጥፉት።

ስልክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፎቶው ዝርዝር ውስጥ 26 ሚሊሜትር የሚል ታያላችሁ። ይህ የሌንሱ እውነተኛ ልክ ሳይሆን ወደ 35 ሚሊሜትር ፊልም የተመነዘረ ቁጥር ነው። ምንዛሬው የሚሰራው ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ባለው ልኬት ነው። የፉል ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ 43.3 ሚሊሜትር ነው። የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ስለሆነ ያው 43.3 ስፋቱን 34.6 ያደርገዋል እንጂ 36 አያደርገውም። 26ን ከ36 ጋር ካስገባችሁት 69 ዲግሪ፣ ከ34.6 ጋር ካስገባችሁት 67 ዲግሪ ይሰጣችኋል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ኩባያውን ለማንሳፈፍ ትበቃለች።

3. ለኩት

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ከማኑዋልም፣ ከኢንተርኔት ላይ ሰንጠረዥም፣ ሌንሱ ላይ ከታተመው ቁጥርም ይልቅ ሜትሮ አምናለሁ። 50 ተብሎ የተጻፈበት ሌንስ ድፍን 50 ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩ የተጠጋጋ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሌንሶች ቅርብ ነገር ላይ ፎከስ ሲያደርጉ የእይታቸው ስፋት ይለወጣል። የፎከሱን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙራችሁ ስክሪኑን እዩ፤ ጠርዝ ላይ ያሉ ነገሮች ሲገቡና ሲወጡ ታያላችሁ።

ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አድርጉና ግድግዳ ፊት ለፊት አቁሙት። ግድግዳው ላይ በአግድም፣ በካሜራው ከፍታ፣ ሜትሮ ዘርግታችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ከፍሬሙ ግራና ቀኝ እንዲያልፍ ረዘም ይበል። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ትንሽ መስታወት በፍሬሙ መሀል ግድግዳው ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙ። በስክሪኑ የሌንሱ ምስል መስታወቱ ውስጥ መሀል ላይ ከታየ ቀጥ ብሏል። ወደ ጎን ካፈነገጠ ትሪፖዱን አስተካክሉ። ይህን ለመዝለል የሚፈተን ሰው ብዙ ነው። ጠመም ያለ ካሜራ የሚሰጠው ልኬት ግን ከግምት አይሻልም።

አውቶፎከስ አጥፉ። ፎከሱን በትክክለኛው ቀረጻ ላይ በምትጠቀሙበት ርቀት ላይ አድርጉና አትንኩት። ግድግዳው ትንሽ ቢደበዝዝ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) አጥቡት፣ ቁጥሩን ማንበብ ከተቻለ ይበቃል። ከዚያ የምትቀርጹበት ሞድ ላይ ሆናችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ፎቶ አታንሱ፣ የፎቶውና የቪዲዮው ስፋት ሊለያይ ይችላል። ልኬቱንም ከካሜራው ስክሪን ላይ ሳይሆን ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ አንብቡ። አንዳንድ ስክሪን የፍሬሙን ጠርዝ አሟልቶ አያሳይም።

አሁን ጥያቄ ይመጣል። ርቀቱ የሚለካው ከየት ነው? ከሴንሰሩ? ከሌንሱ ፊት? ከሁለቱም አይደለም። የእይታው መነሻ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ ውስጥ የሆነ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ይህን ነጥብ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚያባክኑ አሉ። መፈለግ አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ለኩ።

አንድ ጊዜ ቅረጹ። ከዚያ ትሪፖዱን ቀጥ አድርጋችሁ ድፍን 1 ሜትር ወደ ኋላ ውሰዱና ድገሙት። የመነሻው ነጥብ የትም ይሁን የት አብሮ 1 ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል። ስለዚህ ሁለቱን ስፋቶች ስትቀናንሱ ስህተቱ ራሱ ይጠፋል፤ ልዩነቱ ያ መጀመሪያ ላይ ያልነው ምጥጥን ነው።

በቁጥር እንየው። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 35 ሌንስ ገጥመን ለካን እንበል። በመጀመሪያው ቦታ ሜትሮው ላይ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ 1.91 ሜትር ይነበባል። 1 ሜትር ወደ ኋላ ስንሄድ 2.85 ይሆናል። ልዩነቱ 0.94 ነው። ካሜራው 36ቱን ሁሉ ቢጠቀም ኖሮ 36 ሲካፈል ለ35፣ ማለትም 1.03 ገደማ ይመጣ ነበር። 0.94ን በ35 ስናባዛ 32.9 ሚሊሜትር እናገኛለን። ካሜራው ሳይነግረን ከሁለቱም ጎን በድምሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ቆርጧል። ብሌንደር ላይ ሌንሱን 35፣ ሴንሰሩን 32.9 እናደርጋለን፣ አለቀ።

ዙም ሌንስ ከሆነ ለካችሁ ስትጨርሱ የዙሙን ቀለበት በፕላስተር እሰሩት። በ24 እና በ70 መሀል ያለ ቦታን በዓይን መልሶ ማግኘት ዘበት ነው። ከተቻለ ዙም ተዉና ፕራይም (ዙም የሌለው ሌንስ) ተጠቀሙ።

4. የጎበጠውን መስመር አቅኑ

የኮምፒውተሩ ካሜራ ቀጥ ያለን ነገር ቀጥ አድርጎ ያያል። እውነተኛ ሌንስ፣ በተለይ ሰፊው፣ የበርን መቃን ጠርዝ ላይ ያጎብጠዋል። ጥቁርና ነጭ ዳማ የታተመበት ሰሌዳ ፍሬሙን ሞልቶ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅረጹ። የትራኪንግ ሶፍትዌራችሁ (የካሜራውን እንቅስቃሴ ከቪዲዮው ላይ የሚያወጣው) ከዚያ ላይ የዲስቶርሽኑን መጠን ያወጣል። ብሌንደር ውስጥም መስመር ስላችሁ ማቅናት ይቻላል። ሌንሱ ብዙ የሚያጎብጥ ከሆነ የ3ኛውን ደረጃ ልኬት ከቀናው ምስል ላይ አንብቡት።

ቪዲዮውን አቅንታችሁ ትራክ አድርጉ። የመጨረሻው ስራ ላይ ግን የቀናውን ቪዲዮ አትጠቀሙ፤ ማቅናት ምስሉን ያደበዝዘዋል። ዋናው ቪዲዮ እንዳለ ይቀመጥና ኩባያው በልኩ ይጉበጥ። ሲጎብጥ ጠርዝ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይፈጠር ሰፋ አድርጋችሁ ሬንደር አድርጉ። 10 ከመቶ ብትጨምሩ 1920 በ1080 የነበረው 2112 በ1188 ይሆናል። የሴንሰሩንም ስፋት በ1.1 ማባዛት አትርሱ፣ አለዚያ ያ ሁሉ ልኬት ገደል ገባ።

አንድ ማሳሰቢያ። ቪዲዮው ለእናንተ ከመድረሱ በፊት ማንም እንዳይቆርጠው ንገሩ። በአንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ ቪዲዮ የሌንሱ መሀል ከምስሉ መሀል ጋር አይገጥምም። አንድ ደንበኛ ከላይ በኩል ብቻ ቆርጦ “አሳምሬዋለሁ” ብሎ የላከልኝን ቪዲዮ በምንም ቁጥር ማስቀመጥ አልተቻለም፤ ያልተቆረጠው ፋይል ሲመጣ ወዲያው ገጠመ።

5. ካሜራውን ቦታው ላይ አስቀምጡ

ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ አንጻር ምን ያህል ትልቅ እንደሚመስል የሚወስነው ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ውስጥ የትኛው እንደሚታይ ነው። ስለዚህ ቀረጻው ላይ የካሜራውን ከፍታ፣ እስከ ጠረጴዛው ያለውን ርቀትና የጠረጴዛውን ልክ በወረቀት ጻፉ። ኮምፒውተሩ ላይም በእውነተኛ ልኩ ስሩ።

ካሜራው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቦታውን ትራኪንጉ ያገኘዋል። እዚህ ጋ የለካችሁትን ፎካል ሌንግዝ ስጡትና ቆልፉት። ሶፍትዌሩ ራሱ ይገምት ካላችሁት ስህተቱን ከ1 ፒክስል በታች አድርጎ የተሳሳተ ሌንስ ሊሰጣችሁ ይችላል። ትንሽ ስህተት ማለት ነጥቦቹ እርስ በርስ ተስማሙ ማለት እንጂ ሌንሱ ልክ ነው ማለት አይደለም። አንድ ፎቶ ብቻ ካላችሁና ምንም ልኬት ከሌለ ኤፍስፓይ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ሳጥን መሳይ ነገር ፎቶው ውስጥ ካለ ከጠርዞቹ ተነስቶ ካሜራውን ያገኘዋል።

6. ብዥታው

የተመነዘረ ቁጥር እዚህ ጋ ያጋልጣል። 35 ሌንስ በ23.5 ሴንሰር ላይና 53.6 ሌንስ በ36 ሴንሰር ላይ የሚያዩት ስፋት አንድ ነው። ብዥታቸው ግን አንድ አይደለም። ኤፍ 2 ላይ (ፎካል ሌንግዙ ለ2 ሲካፈል) የመጀመሪያው አፐርቸር 17.5 ሚሊሜትር ይከፈታል፣ ሁለተኛው 26.8። በተመነዘረው ቁጥር ከሰራችሁ የኩባያው ጀርባ ከጠረጴዛው በላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ እውነተኛውን ሌንስና እውነተኛውን ሴንሰር አስገቡ። የሲኒማ ሌንስ ላይ ያለው የቲ ቁጥር (በሌንሱ የሚያልፈውን ብርሃን የሚለካው) ከኤፍ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ እንደሚልም አትርሱ።

ለእንቅስቃሴ ብዥታ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩ 1/50 ሰከንድ ሆኖ ከቀረጻችሁ ብሌንደር ላይ ሸተሩን 0.5 አድርጉ።

7. በሳጥን ፈትሹ

ኩባያውን ከማስገባታችሁ በፊት ልኩን የምታውቁትን ነገር፣ ለምሳሌ ራሱን ጠረጴዛውን፣ በተራ ሳጥን ሰርታችሁ ቪዲዮው ላይ አስቀምጡ። መሀል ላይ ገጥሞ ጠርዝ ላይ ከለቀቀ ወደ 4 ተመለሱ። ፊቱ ገጥሞ ጀርባው ከለቀቀ ሌንሱ ወይም ርቀቱ ተሳስቷል፣ 3ን ድገሙ። ቆሞ የሚገጥም፣ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ብቻ እየተጣመመ የሚለቅ ከሆነ ሌንሱን ተዉት። ያ ሴንሰሩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ የሚመጣ ነው፣ ሮሊንግ ሸተር ይባላል። ካሜራውን በዝግታ አዙራችሁ እንደገና መቅረጽ ከማንኛውም ፕለጊን ይሻላል።