ኤምኤስ ሐሳብን ሲያዘገይ፦ የዕለት ተዕለት አያያዝ

ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) ያለበት ሰው እግሩ ሲከዳው ክንዱን የሚይዝለት አይጠፋም። ያው ሰው በጨዋታ መካከል ቃል ሲጠፋው፣ ከደቂቃ በፊት የተነገረውን መልሶ ሲጠይቅ ወይም ሦስት ሰዎች እኩል ሲያወሩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን «ፈዘዘ»፣ «ቀልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን የነርቭ ክሮች የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ ሲያጠቃ፣ በክሮቹ የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል ወይም ይቆራረጣል። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1868 ለይቶ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ የታማሚዎቹ ትውስታ መዳከሙንና ሐሳባቸው መዘግየቱን ልብ ብሎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ነገሩን ችላ ብለውት ኖረዋል። ዛሬ ከታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት፣ ከቀላል እስከ ከባድ፣ ይህ ችግር እንደሚያጋጥማቸው ይታወቃል። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ በአብዛኛው የሚጎዳው የማሰብ ፍጥነት እንጂ ማስተዋል አለመሆኑ ነው። የቋንቋ ችሎታና ለዓመታት የተጠራቀመ ዕውቀት ብዙውን ጊዜ እንዳሉ ይቆያሉ። አዲስ ነገር በጥድፊያ ሲነገር ግን ግማሹ ሳይያዝ ያልፋል፤ ስለዚህም «ረሳሁት» የምንለው አብዛኛው ነገር መጀመሪያውኑ በቅጡ ያልተያዘ ነው። ይህ ልዩነት ጉልበታችንን የት ላይ እንደምናውል ይወስናል፤ የጠፋውን ለማስታወስ ግንባርን ከማሸት ይልቅ ነገሩ ሲነገር አጥብቆ መያዝ ይሻላል።

ወደ ብልሃቱ ከመግባትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ሐሳብን የሚያደበዝዘው ሁሉ ኤምኤስ አይደለምና። የእንቅልፍ እጦት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ እንዲሁም በኤምኤስ ታማሚዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ድብርት ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ትኩሳት ያለውን ችግር በአንድ ቀን ሊያብሰው ይችላል። ሽንት አልቋጠር ሲል የሚታዘዘው ኦክሲቡቲኒንና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም ትውስታን ሊያደክሙ ይችላሉ። ስለዚህ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው በፌስታል ይዘው ይቅረቡ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አንዱንም አያቋርጡ።

በዚያው ቀጠሮ ምልክትን ከቁጥር የማጣመር ፈተና ይሰጠኝ ብለው ይጠይቁ። ዘጠኝ ምልክቶች ከ1 እስከ 9 ካሉ ቁጥሮች ጋር ተጣምረው በወረቀቱ አናት ላይ ይቀመጣሉ፤ ተፈታኙ ከሥር ለተደረደሩት ምልክቶች ቁጥራቸውን በ90 ሴኮንድ ውስጥ የቻለውን ያህል ይጠራል። ፈተናው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ዋና ጥቅሙ በየዓመቱ ተደግሞ ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ የ4 ነጥብ ያህል ቅናሽ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላሁ ስልክ ተደወለ። የዕድራችን ጸሐፊ ነበሩ፤ የለቅሶ ቤቱን አቅጣጫ ነገሩኝ። አቅጣጫውን ለመያዝ ስታገል ቡናው ከሰለ፤ ምጣዱን ከእሳት ሳወርድ ደግሞ አቅጣጫው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ወይ ምጣዱን አወርዳለሁ፣ ወይ ስልኩን እተወዋለሁ። እርስዎም ቁም ነገር ሲነገርዎ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ፣ የያዙትን ሥራ ያቁሙ፣ ከዚያም የሰሙትን በራስዎ ቃል ለተናጋሪው መልሰው ይንገሩት፦ «ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፤ አይደል?» ሰው በራሱ አንደበት ያወጣው ነገር ዝም ብሎ ከሰማው ይልቅ ይጸናል። ከዐሥር ደቂቃ በኋላና ማታ ላይ ሳያዩ ለማስታወስ መሞከር ደግሞ ወረቀቱን ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጣል። የሚገዙ ዕቃዎችን በትንሽ ታሪክ ያስተሳስሩ፤ ሽንኩርት፣ ሳሙናና ሻማ ለመያዝ «ሽንኩርት ከትፌ እጄን በሳሙና ስታጠብ መብራት ጠፋ፤ ሻማ ለኮስኩ» ማለት ይበቃል። ይህ የታሪክ ዘዴ በኤምኤስ ታማሚዎች ላይ በጥናት ተሞክሮ አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታን እንደሚያሻሽል ታይቷል።

የቀረውን ሸክም ከራስዎ ላይ አውርደው ወደ አንድ ደብተር ወይም ወደ አንድ ስልክ ያዛውሩት፤ በየብጣሹ ወረቀት የተጻፈ ነገር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ግን ሌሎች የማያውቁት ወጥመድ አለ፤ እሱም የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነው። ቀጠሮው «8 ሰዓት» ሲባል ስልኩ 2 ሰዓት ይላል፤ የቀጠሮ ካርዱ በፈረንጆች፣ የግድግዳው ካላንደር በእኛ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሰው ሳያስበው የሚቀይረውን እኛ ስንቀይር እንሳሳታለን። እኔ ለጥቅምት 12 የተያዘልኝን ቀጠሮ ኦክቶበር 12 ብዬ መዝግቤ ዐሥር ቀን ቀድሜ ሄጃለሁ። መፍትሔው አንድ አቆጣጠር መርጦ፣ እዚያው ቀጠሮ ሰጪው ፊት ቀይሮ፣ የሳምንቱን ቀን ጨምሮ መጻፍ ነው፤ «ማክሰኞ» የሚለው ቃል ከቀኑ ጋር ካልገጠመ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

የትኛው ሰዓት እንደሚስማማዎ ለሁለት ሳምንት እየመዘገቡ ይለዩ። የእኔ ደኅና ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሲሆን፣ የገንዘብና የወረቀት ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው ያኔ ነው። ሙቀትም ይጎዳል፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 የታማሚዎች እይታ በአካል እንቅስቃሴ ለጊዜው እንደሚደክም ገልጾ ነበር፤ የሰውነት ሙቀት ሲጨምር የኤምኤስ ምልክቶች ለጊዜው ይብሳሉ፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ አዲስ ጉዳት ደርሷል ማለት አይደለም።

ከቤተሰብ የሚፈለገው ጥቂት ነው፦ አንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ፣ ከሌላ ክፍል ሆኖ አለመጣራት፣ ቃል ሲጠፋን ትንሽ መታገሥ። «ነገርኩሽ እኮ!» የሚለው ግን ምንም አይጠቅምም። በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ የምትሠሩ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ስላለ የጽሑፍ መመሪያ ወይም ጸጥ ያለ ቦታ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ኤምኤስን ከምርመራው ዕለት ጀምሮ እንደ አካል ጉዳት ይቆጥረዋል።

ለትውስታ ተብሎ ለሚሸጥ ክኒን ገንዘብዎን አያውጡ። ለአልዛይመር የሚሰጠው ዶኔፔዚል እንኳ በኤምኤስ ታማሚዎች ላይ በሰፊው ሲፈተሽ ከማስመሰያ ክኒን አልተሻለም። የኤምኤሱን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድና ሲጋራ አለማጨስ ይበልጣል። መኪና የሚነዱ ከሆነና መስቀለኛ መንገድ ላይ ውሳኔዎ መዘግየት ከጀመረ፣ ወይም የለመዱት መንገድ ከተምታታብዎ፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እስኪመረመሩ ድረስም ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።