የስዊድን አሮጌ ኮመዲኖ ኮንዶሚኒየም ሲገባ

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሊፍት የለንም። ስለዚህ ዕቃውን ከመውደዳችሁ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ለኩ። እኔ ሳልለካ ሦስት ጎረምሶች ጠራሁ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ኮመዲኖው ቀጥ አለ። መሳቢያዎቹን አውጥተን፣ አቁመን፣ ገልብጠን በስንት መከራ አለፈ።

ኮመዲኖው የአክስቴ ነበር። እዚሁ ልደታ፣ ሕንፃ ኮሌጅ ያስተምሩ ከነበሩ ስዊድናውያን ቤት ታበስል ነበር። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የኢትዮጵያና የስዊድን የጋራ ሥራ ነበር። ሰዎቹ አገራቸው ሲመለሱ ባለ ሦስት መሳቢያውን ኮመዲኖና አንድ ወንበር ለእሷ ትተው ሄዱ። እሷ ጤፍና ሽሮ ስታስቀምጥበት ኖረች።

የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡና ጀርባውንና ሥሩን እዩ። የእኔው ጥጉ ላይ እንጨቱ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ተቆላልፏል። አንዱ ጣት ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። ማሽን እንዲህ አያደርግም። ከሥሩ ቀለም አልነካውም፤ የመላጊያው ዱካ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ደግሞ ቀለሙ የት እንደለቀቀ እዩ። እጅ በሚበዛበት እጀታው ዙሪያ ከሆነ ጥሩ ነው። እጅ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ተፋፍቆ ካያችሁ ግን አዲስ ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ይህ ፈዛዛ ቀለም ያለው፣ ጉስታቪያን የሚባለው ዓይነት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1771 እስከ 1792 ከነገሠው ከስዊድኑ ንጉሥ ከሦስተኛው ጉስታቭ ነው። ንጉሡን የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ዕቃ አማረው። የአገሩ አናጺዎች ደግሞ ወርቁን ቀነሱ፣ ርካሹን የፓይን እንጨት ግራጫ፣ ነጭ ወይም ውሃ ሰማያዊ ቀቡት። እግሩ ቀጥ ያለ፣ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ ቦይ ቦይ የወጣለት ነው። የእኔው የንጉሡ ዘመን ነው ብዬ አልምልም፤ እግሩ ግን ያንኑ ይመስላል።

ቀለሙን እንዳታስነኩ! ወንበሩን ለአንድ አናጺ ሰጥቼ “እግሩ ይነቃነቃል፣ ኮላ አድርግልኝ” ብዬው ነበር። ማታ ስሄድ አራግፎ፣ ፍቆ፣ ቫርኒሽ ለቅልቆ ጠበቀኝ። “እትዬ፣ አዲስ አደረግኩልሽ” አለኝ ደስ ብሎት። ምን እለዋለሁ? ስንት ዓመት የቆየ ቀለም በአንድ ከሰዓት ተጠርጎ ወለሉ ላይ ነበር። ኮመዲኖውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው ያጸዳሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው በቀን 6 ሰዓት ያህል ነው። ያ ፈዛዛ ቀለም ያችን ጥቂት ብርሃን ለማብዛት ነው። እኛ ደግሞ ብርሃን ተርፎናል። በመጽሔት እንዳየሁት ግድግዳዬን ነጭ ቀባሁና ኮመዲኖውን መስኮቱ ፊት ገተርኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ስትገባ ነጩ ዓይን ይወጋል፣ ግራጫው ያልታበሰ አቧራ ይመስላል። ግድግዳውን እንደ ጭቃ ቤት ልስን ሞቅ ባለ ቡናማ አስቀየርኩ፣ ኮመዲኖውን ፀሐይ በቀጥታ ወደማታገኘው ግድግዳ አዞርኩ። ያን ጊዜ ግራጫው ውስጥ ሰማያዊ እንዳለው ገና አየሁ።

አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አሮጌ ዕቃ ይበቃል። ሶፋችሁ ያው ተራ ሶፋ ይሁን። እኔ ኮመዲኖው ጎን የጅማ ዱካ አስቀመጥኩ፤ የዋንዛው ጥቁረት ከግራጫው ጋር ይስማማል። ያን በቫርኒሽ የተበላሸውን ወንበር ደግሞ መቀመጫውን ከሽሮ ሜዳ በገዛሁት ጥለት አልባ ሸማ አለበስኩት፣ ትንሽ ተረጋጋ። በስዊድኗ ሞራ ከተማ ስም የሞራ ሰዓት የሚሉትን፣ አንገቱ ቀጭን ሆዱ ሰፊ የቁም ሰዓት፣ የምትመኙ ጣሪያችሁን ለኩ፤ ብዙዎቹ ከ2 ሜትር በላይ ናቸው። በእኛ ሰዓት ይሞላ ወይስ በፈረንጅ? እሱን ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ።

ክረምት ሲገባ መሳቢያው ያብጣል። በጉልበት አትጎትቱት። ጥቅምት ላይ ሲደርቅ አውጥታችሁ የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በጧፍ እሹት። ኮመዲኖውን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቁት፣ አየር ይግባ። የጋለ ጀበና አታስቀምጡበት፤ ዕጣን የሚጨስበትንም ከሰል ራቅ አድርጉ፣ ጭሱ ቀለሙን ቢጫ ያደርገዋል።

ከላዩ መስታወት ስቀሉ። ድሮ ስዊድናውያን ሻማ መስታወት ፊት ያበሩ ነበር፣ አንዱ ሁለት እንዲሆን። ባለፈው ሰኔ መብራት ለሦስት ሰዓት ሲጠፋ አንድ ሻማ ለኮስኩና ኮመዲኖው ላይ አቆምኩ። ልጄ የቤት ሥራውን ሶፋው ላይ ሆኖ ጨረሰ። ሻማውን ከመስታወቱ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ከሥሩም ሳህን አድርጉ።