የባሕረኛ አያታችሁን መርከብ ስትፈልጉ እነዚህን አትሥሩ

ሥራዬ ትራንዚት ነው፣ አዳማ። መርከብን የማውቀው በወረቀት ነው። ሰው ግን «ትራንዚተር ነው» ሲባል የአያቱን ፎቶ ይዞ ይመጣል። «እስቲ የትኛዋ መርከብ ላይ እንደነበሩ ፈልግልን» ይላል። ደስ እያለኝ እፈልጋለሁ። ግን ያው ስህተት በተለያየ ሰው እየተደጋገመ ሲመጣ ይሰለቻል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባሕር ኃይልንና ንግድ መርከብን መቀላቀል

ነጭ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ወታደር አይደለም። የንግድ መርከብ መኮንንም ነጭ ይለብሳል፣ ትከሻው ላይም መስመር አለው። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው የተቋቋመው፤ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። «ንግድ መርከብ» የምንለው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ደግሞ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ በራሱ መርከቦች ሥራ የጀመረው በ1966 ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ማኅደራቸውም አንድ ቦታ አይገኝም። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰውም ስላለ «ወታደር ነበሩ» መባሉ ብቻ ነገሩን አይዘጋውም።

የዘመን አቆጣጠር

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ።

አንድ ልጅ ፎቶ አመጣልኝ። ከጀርባው በአማርኛ «ሱዌዝን ስናልፍ፣ 1963» ይላል። ቤተሰቡ አያትየው «ንግሥተ ሳባ» ላይ እንደነበሩ ወስኖ ጨርሷል። «ንግሥተ ሳባ» ከንግድ መርከብ የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት፤ ከ«የይሁዳ አንበሳ»ና ከነዳጅ ጫኟ «ላሊበላ» ጋር። ስሟ ስለሚያምር ነው መሰለኝ የሁሉም ሰው አያት እሷ ላይ ነው የሠራው።

እሺ፣ እንቁጠር። 1963 በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 1970 እና 1971 ነው። ያኔ የሱዌዝ ቦይ ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1967 በእስራኤልና በዓረቦች ጦርነት ተዘግቶ፣ የተከፈተው ሰኔ 1975 ነው። በእኛ ከ1959 ግንቦት መጨረሻ እስከ 1967 ግንቦት መጨረሻ ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት ማንም አያት ሱዌዝን አላለፈም። 1963 በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ንግድ መርከብ ገና አልተመሠረተም። በየትኛውም ብትሄዱ «ንግሥተ ሳባ» አትሆንም! ልጁ ይህን ስነግረው ተቀየመኝ። ቆይቶ ሲማን ቡካቸው (የባሕረኛ የሥራ ደብተራቸው) ከእናቱ ሳጥን ሲገኝ፣ ሰውየው ያኔ የግሪክ ሰዎች መርከብ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ ቀን ስታገኙ መጀመሪያ ማን እንደጻፈው ጠይቁ። የካፒቴን ፊርማ፣ የወደብ ማኅተም፣ የሲማን ቡክ መስመር ከሆነ በፈረንጅ ነው። ደብዳቤ፣ የፎቶ ጀርባ፣ የእማማ ትዝታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ነው፤ ውጭ አገር የቆየ ሰው ግን ሁለቱንም ያቀላቅላል። ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትደምራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ 8። ደፍናችሁ «8 ነው» አትበሉ። ዋናውን ሰርዛችሁ የቀየራችሁትን ብቻም አትጻፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ በኋላ የሚያርማችሁ ሰው ይኖራል።

መርከብን በስሟ ብቻ መፈለግ

የኛ መርከቦች ስም አብዛኛው የወንዝና የከተማ ስም ነው። «ጊቤ» ብላችሁ ብትፈልጉ ግድብ ይመጣላችኋል። «ሐዋሳ» ብትሉ ሐይቅና ዓሣ፤ «ሐዋሳ» ግን ቻይና ከተሠሩት ሁለት ነዳጅ ጫኞች የአንዷም ስም ነው፣ ሌላዋ «ባሕር ዳር» ናት። በዚያ ላይ መርከብ ስትሸጥ ስሟ ይለወጣል። የማይለወጠው ባለ 7 አሃዙ የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቢሆንም መሠረቱ የሎይድስ ሬጅስተር ቁጥር ስለሆነ የ1960ዎቹ መርከቦችም አላቸው።

ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ አንድ አሃዝ ካጠራጠራችሁ ማረጋገጫ አለ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 አባዙና ደምሩ። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ከሰባተኛው ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ 9074729 ሲሰላ 139 ይመጣል፤ መጨረሻው 9 ነው፣ ገጠመ።

የድሮ መርከብ ስልክ ላይ ባለው የመርከብ መከታተያ አፕ መፈለግ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። አፑ የሚያሳየው ዛሬ የምትንቀሳቀሰውን ነው፤ የአያታችሁ መርከብ ምናልባት ብረቷ ከቀለጠ ቆይቷል።

ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ መጠየቅ

የውጭ ጸሐፊ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይመስለዋል። ገብረ ማርያም የሚባል ሰው «ማርያም» ተብሎ በኤም ሥር ሊገባ ይችላል። «ፀ» በቲ ኤስ፣ በቲ ዜድ ወይም በኤስ ብቻ ይጻፋል። ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ዘርዝራችሁ ላኩ።

ሞጆ ሄዶ መጠየቅ

ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሞጆ ደረቅ ወደብ የኮንቴይነር ቦታ ነው እንጂ የባሕረኛ ማኅደር የለውም። ንግድ መርከብ በ2004 ዓ.ም. ከባሕር ትራንዚትና ከደረቅ ወደብ ድርጅቶች ጋር ተዋህዷል፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። ስትሄዱ የመርከብ ስም፣ ዓመትና የሥራ መደብ ይዛችሁ ሂዱ። «አያቴ መርከበኛ ነበሩ» ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ማንም ጸሐፊ አይረዳውም።

ላሚኔት ማድረግ

በእናታችሁ፣ አታድርጉት! እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ በጥቂት ብር ይሠሩላችኋል፣ ያብለጨልጫልም። ግን አንዴ ከታሸገ አይመለስም። ደረቅ ማኅተሙ በሙቀቱ ይጨፈለቃል፣ የደበዘዘውን ጽሑፍ ብርሃን በጎን አብርቶ ማንበብም አይቻልም። ሲማን ቡኩን ገጽ በገጽ፣ ባዶ የሚመስለውንም ጨምራችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጡት።

ባንዲራውን አይቶ አገሩን መወሰን

ባንዲራው የላይቤሪያ፣ ባለቤቱ የግሪክ ሰው፣ ባሕረኛው የኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ሞንሮቪያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤት ድርጅቱን ፈልጉ። መርከቡ የእንግሊዝ ከሆነም ሁሉ ሰው ወደ ለንደን ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1976 ያለው የእንግሊዝ መርከቦች የሠራተኛ ዝርዝር አብዛኛው ያለው ግን ካናዳ ነው፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ። እዚያ መዝገቡ የተደረደረው በሰው ስም ሳይሆን በመርከቡ ኦፊሺያል ነምበር (መርከቡ ሲመዘገብ በተሰጠው ቁጥር) እና በዓመት ነው። ይህ ቁጥር ከአይኤምኦው የተለየ ስለሆነ አስቀድማችሁ አግኙትና ከመርከቡ ስምና ከዓመቱ ጋር ጻፉላቸው።