ወደ ፖስትግሬስኪውኤል 9.3 ከተሻገርን በኋላ ቪዎችን ለንባብ ብቻ ያደረግሁበት መንገድ

የመረጃ ቋት ሶፍትዌራችንን ፖስትግሬስኪውኤልን ከ9.2 ወደ 9.3 ካሻሻልን በኋላ፣ ለሪፖርት ብቻ ባዘጋጀነው ቪው (እንደ ሠንጠረዥ የሚታይ፣ ከሌላ ሠንጠረዥ የሚያነብ የተቀመጠ መጠይቅ) ላይ የተሰጠ የአፕዴት (የመለወጫ) ትእዛዝ ስሕተት ሳይመልስ ዋናውን ሠንጠረዥ ለወጠው። ቀድሞ ሩል (ትእዛዝን በሌላ የሚተካ ደንብ) ወይም ትሪገር (ትእዛዝ ሲሰጥ በራሱ የሚሠራ ኮድ) ያልተሠራለት ቪው የመለወጫ ትእዛዝ አይቀበልም ነበር፤ ከ9.3 ጀምሮ ግን ከአንድ ሠንጠረዥ ብቻ የሚያነብና እንደ ግሩፕ ባይ (ማቧደኛ)፣ ዲስቲንክት (ድግግሞሽ ማስቀሪያ) ወይም ሊሚት (የረድፍ ብዛት መገደቢያ) ያለ ነገር የሌለበት ቀላል ቪው በራሱ ለውጥ የሚቀበል ሆኗል። የሠንጠረዡ ፈቃድ የሚመረመረው በቪው ባለቤት ስም ስለሆነ ደግሞ፣ ሠንጠረዡን የመንካት መብት የሌለው ተጠቃሚ እንኳ በቪው ላይ የመለወጥ ፈቃድ ካለው በእርሱ በኩል ሠንጠረዡን ሊለውጠው ይችላል። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ «ምን ያመጣል» ብለን በቪዎቹ ላይ ግራንት ኦል (ሙሉ ፈቃድ) ሰጥተናል።

ስለ ቋቱ ይዘት መረጃ በሚሰጠው በኢንፎርሜሽን ስኪማ የቪዎች ዝርዝር ውስጥ መለወጥ የሚችሉትን ለየሁና፣ ከሪፖርት ተጠቃሚዎች ላይ ኢንሰርትን (መጨመርን)፣ አፕዴትንና ዴሊትን (መሰረዝን) ፈቃድ በሚያነሣው በሪቮክ ትእዛዝ አንሥቼ ሴሌክትን (ማንበብን) ብቻ ተውሁ። ለሠንጠረዦች የተሰጠ ነባሪ ፈቃድ ለአዲስ ቪዎችም ስለሚሠራ፣ እርሱንም አስተካከልሁ። ሪቮክ ሱፐርዩዘርን (የፈቃድ ገደብ የማይመለከተውን ተጠቃሚ) ስለማያግድ፣ በሁለቱ ዋና ቪዎች ላይ ስሕተት የሚያስነሳ ኢንስቴድ ኦፍ ትሪገር (በትእዛዙ ፈንታ የሚሠራ ትሪገር) ጨመርሁ። ዱ ኢንስቴድ ናቲንግ («በፈንታው ምንም አታድርግ») የተባለውን ሩል ያልመረጥሁት ትእዛዙን በዝምታ ስለሚውጠው ነው።